የቁርጥ ቀን በሲያትል

በዚህ ጉዞ ውስጥ ያለነው ስድስት ሰዎች ነን። አንደኛው እኔ ነኝ፤ መንገሻ እባላለሁ፤ ደብረ ብርሃን ከመናኸሪያው ከፍ ብላ ባለች ጠባብ ሱቅ ሰዓት እጠግናለሁ። ሙያውንም ንባቡንም ያስተማረኝ ሰው የለም፤ የተበላሸ ሰዓት እየፈታሁ፣ የስኳር መጠቅለያ ጋዜጣ እያነበብሁ ራሴን አስተማርሁ። ሁለተኛዋ ባለቤቴ ዘነበች ናት፤ እሷ ከቤት አልወጣችም፣ ሐሳቧ ግን ከእኛ ሁሉ ቀድሞ ደርሶ ነበር። ሦስተኛዋ ታናሽ እህቴ አስካለ ናት፤ ሲያትል ጥግ ቡሪየን በምትባል ከተማ ትኖራለች፣ በአውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ መራመድ ያቃተውን መንገደኛ በተሽከርካሪ ወንበር ትገፋለች። አራተኛው ባሏ ታደሰ ነው፤ ተሳፋሪ ወደ ሆቴል የሚያመላልስ ሹፌር ነው፣ አፉም እንደ መኪናው አይቆምም። አምስተኛው ልጄ ብሩክ ነው። ስድስተኛው ዴል የሚባል ፈረንጅ ነው፤ በሕይወቴ አንድ ጊዜ ብቻ የጨበጥሁት፣ ክፉ እንዲያገኘው ግን የጸለይሁበት ሰው።

ብሩክ ኪከር ነው። እኔ መቺ እለዋለሁ። የአሜሪካ እግር ኳስ ስሙ እግር ይሁን እንጂ የሚጫወቱት በእጅ ነው፤ ኳሱም ክብ አይደለም፣ ሁለት ጫፉ የሾለ ነው። ከዚያ ሁሉ ግዙፍ ሰው መካከል ጎል ፍለጋ ኳሱን በእግሩ የሚመታው አንድ ሰው ብቻ ነው። ሌሎቹ ሲጋጩ፣ ሲወድቁ ይውላሉ፤ እሱ ዳር ቆሞ ይጠብቃል፤ ሲጠራ ይገባል፣ አንድ ጊዜ ይመታል፣ ይወጣል። ኳሱ በሁለት ቢጫ ምሰሶዎች መካከል ካለፈ ነጥብ ነው። ካላለፈ የሁሉም ድካም በእሱ ይሳበባል።

ብሩክ አሥራ አንድ ዓመት ሲሆነው፣ ከትምህርት ቤት ቀርቶ ኳስ ሲመታ አግኝቼው ኳሱን በጫማ ሠሪ ቢላ ቆራርጬበታለሁ። ይህን የምጽፈው ማንም እንዲያዝንልኝ አይደለም፤ ስለሆነ ነው። አስካለ ልጅ ስላልነበራት በሕግ ልጇ አድርጋ በአሥራ አራት ዓመቱ ወሰደችው። እዚያ አንድ አሠልጣኝ እግሩን አይቶ ወደዚህ ጨዋታ አስገባው። ኮሌጅም በእግሩ ተማረ። እኔ ግን በስልክ ሁልጊዜ "መቼ ነው ሥራ የምትይዘው?" እለው ነበር።

በሰኔ ደውሎ "አባባ፣ የሲያትል ቡድን ለልምምድ ወስዶኛል። ፍልሰታ ካለቀ በኋላ ካት ደይ አለ፤ የሚለየው ያን ቀን ነው" አለኝና መስመሩ ጠፋ። በማግስቱ ታደሰን ደውዬ ጠየቅሁት።

"ካት መቁረጥ፣ ደይ ቀን" አለኝ። "የቁርጥ ቀን ማለት ነው፣ ጋሼ! በዚህ አገር እኔን የሚያስተረጉመኝ ጠፋ እንጂ!"

ቃሉን በትክክል ተረጎመው። ነገሩን ግን አልተረጎመውም፤ እሱ የሚያውቀው መንገድ እንጂ ኳስ አይደለም። ካት ደይ ቡድኑ የሚያስቀራቸውን መርጦ ሌላውን የሚያሰናብትበት ቀን መሆኑን እኔ የተረዳሁት ቀኑ ከደረሰ በኋላ ነው፤ አንባቢዬ ግን ከአሁኑ ይወቀው። እኔ የሰማሁት አባቶቻችን የቁርጥ ቀን የሚሉትን ነው፤ ጭንቅ ሲመጣ የሚቆም ጀግና የሚለይበትን። በሱቄ ደጃፍ ለሚያልፍ ሁሉ "ልጄ ለቁርጥ ቀን ተመርጧል" አልሁ። አስካለ በግንቦት የላከችልኝ የግብዣ ወረቀትና ቪዛው በእጄ ነበር። የሰዓት ጥርስ የምጠርብባትን ትንሿን ማሽኔን ሸጬ ትኬቱን ገዛሁ።

እሑድ

ጎህ ሲቀድ ተነሣሁ። ዘነበች በሶና ሁለት ኪሎ ቋንጣ ቋጥራ "ቋንጣውን ከጨዋታው በፊት ይብላው፣ ጉልበት ነው" ብላ ሰጠችኝ። በሚኒባሱ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ጋቢናው ውስጥ ስለሚጮኸው ዘፈን ሲያማርር እስከ ለገዳዲ ደረስን። የእኔ እግር ግን መቀመጥ አልቻለም፤ ይወዘወዝ ነበር። ቦሌ ስደርስ ገና አምስት ሰዓት ቀርቶኛል። ወንበር ላይ ከመቀመጥ ስመላለስ ዋልሁና አንድ ጥበቃ "አባት፣ ጠፋብዎ እንዴ?" አለኝ።

አውሮፕላኑ ውስጥ ጎረቤቴ የነበረች ወጣት ሰዓቴን ወደ አሜሪካ ጊዜ እንዳዞር መከረችኝ። እኔ የሰው ሰዓት ሳስተካክል የኖርሁ ሰው ነኝ፤ የራሴን አላዞርም አልኋት። ይህ ግትርነት በኋላ ዋጋውን አስከፈለኝ።

ሰኞ

በሲያትል አውሮፕላን ማረፊያ አንዲት ትንሽ ውሻ ከዚያ ሁሉ ሻንጣ መካከል የዘነበችን ቋንጣ ለይታ አጠገቡ ቁጢጥ አለች። የደብረ ብርሃን ውሻ ቢሆን ቁጢጥ አይልም፤ ይዞ ይሮጣል። ሠራተኛው ሥጋ ማስገባት ክልክል ነው ብሎ ወሰደው። በሶውን አሽትቶ መለሰልኝ። ሁለት ኪሎ ጉልበት እዚያው ቀረ።

ከዚያ አስካለ የደንብ ልብሷን ለብሳ፣ ባዶ ተሽከርካሪ ወንበር እየገፋች መጣች። ተቃቀፍን። አሥራ አንድ ዓመት አልተያየንም። እንባዋን በእጅጌዋ ጠርጋ፣

"ወንድም ጋሼ፣ በሉ ይቀመጡ" አለችኝ።

"እግር የለኝም?"

"ሥራ ላይ ነኝ። ባዶ ወንበር እየገፋሁ ከዘመድ ጋር ስዞር ካዩኝ ይቆጡኛል። ለአሥር ደቂቃ በሽተኛ ይሁኑልኝ።"

ሐሰት አልወድም። ነገር ግን ተቀመጥሁ። ስትገፋኝ ጀርባዬ ላይ ትንፋሿ ይሰማኝ ነበር፤ ቀኑን ሙሉ እንዲህ ስታለከልክ እንደምትውል ያን ጊዜ ገባኝ። ደብረ ብርሃን ሆነን "አስካለ ዶላር ላከች" ስንል የምናወራው ስለዚህ ትንፋሽ ነው።

"ብሩክስ?" አልኋት።

"ልምምድ ላይ ነው። እስከ ሐሙስ አያስወጡትም፤ ረቡዕ ብቻ ትንሽ ሰዓት አለው።"

ማክሰኞ

ቡሪየን ቤታቸው ጣሪያ ላይ በየሦስት ደቂቃው አውሮፕላን ያልፋል። ሲያልፍ ሰው ሁሉ ንግግሩን አቋርጦ ይጠብቃል፤ ካለፈ በኋላ ካቆመበት ቃል ይቀጥላል። እኛ አገር እንዲህ የሚደረገው ቄስ ሲያልፍ ነው። ብርዱ የእኛው ብርድ ነው፤ ዛፉ ግን ከጣርማ በር ጭጋግ የወጣ ይመስል ረጅምና ጥቁር ነው። በነሐሴም ሰው ሁሉ ሣር ያጭዳል፤ ላም ግን አንድም የለም። ሣሩን ለምን እንደሚያጭዱት ብጠይቅ ታደሰ "ለማጨድ" አለኝ።

አስካለ ምስርና ጎመን ሠርታ አቀረበችልኝ። እየበላሁ ስለ ብሩክ ጠየቅኋት።

"ከኮሌጅ ከወጣ ወዲህ ሁለት ቡድን ገብቶ ወጥቷል" አለች።

"አንድ ቦታ የማይረጋ ልጅ!" አልሁ። "እኔ አንዲት ሱቅ ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት ተቀምጫለሁ።"

አስካለ ቀና ብላ አየችኝ። የምትናገረው ነገር እንደነበራት አሁን አውቃለሁ። ያን ጊዜ ግን አውሮፕላን አለፈ፤ ካለፈ በኋላ አልቀጠለችም።

ረቡዕ

ብሩክ ደውሎ "አባባ፣ ሁለት ሰዓት ላይ ቢከን ሂል ባቡር ጣቢያው ጋ እንገናኝ" ብሎኝ ነበር። ታደሰ ሥራ ሲገባ በጠዋት አደረሰኝ። የጣቢያው ሰዓት ስምንት ይላል፤ እኔ ስምንታቸው የእኛ ሁለት መሆኑን አውቄያለሁና ደስ ብሎኝ ቆምሁ። ልጄ አልመጣም። ባቡሩ ከመሬት በታች ነው የሚሄደው፤ ሰውን በአሳንሰር እየሳበ ያወጣዋል። በሩ በተከፈተ ቁጥር እነሣለሁ፣ እቀመጣለሁ። ዘጠኝ ሆነ፣ አሥር ሆነ። መጥቶ አጥቶኝ ሄዶ ይሆን? ወይስ ደግሞ ያ ኳስ ትዝ ብሎት ነው?

አንድ እስያዊ ሽማግሌ አጠገቤ ሲቀመጥ የሚወዛወዘውን እግሬን አየና ከከረጢቱ ሁለት ኮክ አውጥቶ አንዱን ሰጠኝ። በእንግሊዝኛ ከእኔ አይሻልም። የእጅ ሰዓቱ ቆሟል። ከኪሴ መፍቻዬን አውጥቼ እዚያው አግዳሚው ላይ ከፈትሁለት፤ ያሠረው አንድ ክር ነበር። ሲንቀሳቀስ ሽማግሌው እጄን በሁለት እጁ ይዞ ጎንበስ አለ። ያን ቀን የሠራሁት ሥራ እሱ ብቻ ነው።

ብሩክ የመጣው በእነሱ ሰዓት አቆጣጠር በሁለት ሰዓት፣ ከቀትር በኋላ ነው። በትክክል፣ ደቂቃ ሳያሳልፍ።

"አባባ! ከመቼ ጀምሮ ነው እዚህ ያሉት?"

"ከሁለት ሰዓት ጀምሮ።"

ነገሩ ሲገባው እጁን ራሱ ላይ ጫነ። "ስድስት ሰዓት! አባባ፣ አይ አም ሶ ሶሪ! ሰዓት ሠሪ ሆነው…"

"አንተስ የሰዓት ሠሪ ልጅ ሆነህ?"

ሁለታችንም ሳቅን። ከእኔ አንድ ክንድ ይረዝማል። ጢሙ የአባቴ ነው።

ክፍሉ ከጣቢያው አሥር ደቂቃ መንገድ ነው፤ አልጋ፣ አንድ ወንበርና በረዶ የሞላበት ባልዲ። እያወራን ቀኝ እግሩን ባልዲው ውስጥ ከተተ። ሥራው እንዴት እንደሆነ ጠየቅሁት። ኳሱ ከመሬት ተነሥቶ፣ ወደ ኋላ ተወርውሮ፣ አንዱ በጣቱ አቁሞት እሱ እስኪመታው አንድ ሰከንድና ሩብ ያህል ነው አለኝ። ከዚያ ካለፈ ተጋጣሚዎቹ ደርሰው ያቋርጡታል።

"አንድ ሰከንድ ሩብ ሠርቶ የሚበላ ሰው አይቼ አላውቅም" አልሁት።

"ሌላውን ሰዓት በሙሉ የምሠራው ለመጠበቅ ነው፣ አባባ። መጠበቅ ነው ከባዱ።"

"ስንት ሰው ነው ለዚህ ሥራ የተጠራው?"

"ሁለት። እኔና ዴል። ቦታው አንድ ነው። ዴል አሥራ ሁለት ዓመት መቶላቸዋል፤ አርጅቷል ይላሉ። ወይ እሱ፣ ወይ እኔ።"

ይህ ገባኝ። ቅዳሜ ሁለቱ ሰው ፊት ተፎካክረው ቁርጡ የሚለይ መሰለኝ። "በርታ" አልሁት። "በትክክል የሚሄድን ሰዓት ማንም አይጥልም።" ከልጅነቱ ጀምሮ የምለው ቃል ነው። እግሩን ከባልዲው አወጣ፤ ቀልቶ ነበር። በፎጣ ጠቀለለው።

ሐሙስ

የመጨረሻው የዝግጅት ጨዋታቸው ነበር። ታደሰ ስታዲየሙ አካባቢ ሠላሳ ደቂቃ ሲዞር ቆይቶ "እዚህ ፓርክ አደርጋለሁ፣ ማንም አያየኝም" አለ። ታይቷል፤ ስንመለስ የአርባ ሰባት ዶላር የቅጣት ወረቀት መስተዋቱ ላይ ተሰክቶ አገኘን።

ብሩክ ከተጫዋቾች ቤተሰብ ጋር ነው ያስቀመጠን። ያን ያህል ሰው በአንድ ቦታ ያየሁት በጥምቀት ብቻ ነው፤ የጥምቀት ሰው ግን ጎንበስ ይላል፣ ይህ ሁሉ ቆሞ ይጮኻል። ማካፋት ጀመረ፤ ነፋሱ ኮቴ ውስጥ ገባ። ከፊቴ የተቀመጠች ሴት ዘወር ብላ አየችኝና ትልቅ ብርድ ልብሷን ግማሹን ወደ እኔ ወረወረች፤ ቆይታም ሙሉውን ሰጠችኝ። ትከሻዬ ላይ ራሷ አስተካከለችው። ማን መሆኔን አልጠየቀችም።

ከስፖርት መምህር ተቀብዬ ያደስሁት የሩጫ መቁጠሪያ ሰዓት በኪሴ ነበር። ብሩክ ሲገባ ያዝሁት። ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ፣ ሁለት ወደ ጎን፣ እጁን አራገፈ፣ ራሱን ነቀነቀ። ኳሱ ተወረወረ፤ ጫንሁ። መታ፤ ጫንሁ። አንድ ሰከንድና ሩብ። ኳሱ በምሰሶዎቹ መካከል እንደ ወፍ አለፈ። ታደሰ ኮፍያውን ጣለ።

ዴልም በተራው የመጀመሪያውን አገባ። ብሩክ ሁለተኛውን፣ ከሃምሳ እርምጃ ላይ፣ አገባ። ከዚያ ዴል እንደገና ሲገባ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ በብርድ ልብሱ ውስጥ ሆኜ "አስተው" ብዬ ጸለይሁ። በመድኃኔዓለም ስም ነው የጸለይሁት። ኳሱ ምሰሶውን ነክቶ ወደ ውጭ ወደቀ።

"እሰይ!" ብዬ ጮህሁ። "እሰይ! እሰይ!"

ታደሰ ክርኔን ያዘ። "ጋሼ፣ ቀስ ይበሉ። ይህች ሴት እኮ የዴል ሚስት ናት።"

"የትኛዋ?"

"ብርድ ልብስ የሰጠችዎት።"

እሰይ የሚለው ቃል አስተርጓሚ አያስፈልገውም። ሴትየዋ ወደ ኋላ ዞራ አየችኝ። ብርድ ልብሱን ትወስደዋለች ብዬ ጠበቅሁ። አልወሰደችውም፤ ወደ ሜዳው ተመለሰች። ጨዋታው እስኪያልቅ ትከሻዋን አየሁት፤ ብርድ ይዟት ነበር። ሰው ምንም ቢማር ከንፉግነት አይጸዳም። እኔ ሰውን ስመክር የኖርሁ ነኝ፤ ያን ቀን ከእኔ የሚማር ማንም አልነበረም።

ብሩክ ሦስተኛውንም አገባ። ከጨዋታው በኋላ ቤተሰብ በሚጠብቅበት ኮሪደር ዴል ከብሩክ ጋር ወጣ፤ ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነው፣ ግንባሩ ገለጥ ብሏል። እጄን ጨብጦ አንድ ነገር አለ።

"ምን ይላል?" አልሁት ታደሰን።

"ልጅዎ የሚያምር እግር አለው ይላል።"

እኛ አገር ይህ የሚባለው ለኮረዳ ነው። ፊቴ ሲቀያየር ብሩክ "ትልቅ ክብር ነው፣ አባባ!" ብሎ ሳቀ። ዴልም ሳቀ። ያ ሰው ያለ ተንኮል ሳቀልኝ። ብርድ ልብሱ ትከሻዬ ላይ እንዳለ ቡሪየን ደረስሁ።

ዓርብ

ብሩክ "ዛሬ አልመጣም፣ ማረፍ አለብኝ፣ ቅዳሜ እደውላለሁ" አለ። እኔ መቀመጥ አልሆነልኝም። የአስካለን የግድግዳ ሰዓት ፈታሁት፤ ምንም አልነበረበትም፤ መልሼ ገጠምሁት። ሦስቱንም አግብቷል፤ ያኛው አንዱን ስቷል። ልጄ አሸንፏል። ታዲያ ምን ይጠበቃል?

ታደሰን ዋይት ሴንተር ውሰደኝ አልሁት። የቬትናም፣ የሜክሲኮ፣ የሶማሌና የእኛ ሱቅ በአንድ መንገድ ዳር ተደርድረዋል። ወሊሶ የተወለደ አንድ ሥጋ ሻጭ አገኘሁና ለቅዳሜ ስምንት ኪሎ ቁርጥ አዘዝሁ።

"ምን ተገኘ፣ አባቴ? ሠርግ ነው?"

"ነገ የልጄ የቁርጥ ቀን ነው። ለቁርጥ ቀን ቁርጥ እንጂ ጎመን አይበላም።"

"ኧረ በሉ! ሻኛም እጨምርልዎታለሁ" አለ። ጨመረልኝ፤ በነጻ። አስካለም ከቤተ ክርስቲያን የምታውቃቸውን ስድስት ሰዎች በእኔ ትእዛዝ ጠራች። እሷ "ቆይ ይታወቅ ወንድም ጋሼ" ብላ ነበር። "ታውቋል" አልኋት።

ቅዳሜ

በቀትር ላይ እንግዶቹ ተቀምጠዋል። ሥጋው በትሪ ላይ ነው፤ ሚጥሚጣና አዋዜው ተሰልፏል፤ ሁሉም ቢላውን ይዟል። ብሩክ ልክ በሩን ከፍቶ ሲገባ እማማ ተዋበች የሚባሉ አረጋዊት እልልታውን አቀለጡት። ሁላችንም ቆምን፣ አጨበጨብን።

ልጄ ደፉ ላይ ቆሞ ቀረ። ትከሻው ላይ ጥቁር የቆሻሻ ከረጢት ተሸክሟል።

"ምንድነው የያዝኸው?" አልሁት።

"ዕቃዬ ነው፣ አባባ። ጫማዎቼ።"

"ቁርጡ ታወቀ?"

"ታወቀ። ጠዋት ጠሩኝ። ካት አደረጉኝ።"

"ተመስገን!" አሉ እማማ ተዋበች፤ ሌላ እልልታ ጀመሩ።

"እማማ" አለ ብሩክ ዝግ ብሎ፣ "ካት አደረጉኝ ማለት አስወጡኝ ማለት ነው። ቦታውን ለዴል ሰጡት።"

እልልታው ግማሹ ላይ ተቋረጠ። ሁሉም ቢላውን እንደያዘ ቆመ። አውሮፕላን መጣ፤ ጣሪያውን እያንቀጠቀጠ አለፈ። ያን ቀን ሳያልፍ ቢቆይልኝ እወድ ነበር። ታደሰ መጀመሪያ ገባው፤ አፉን በእጁ ሸፈነ። "ጋሼ፣ እኔ ነኝ…" አለና ተወው።

ብሩክ ትሪውን አየ። "ይሄ ምንድነው?"

"ቁርጥ" አለ ታደሰ።

"ማን ነው ያዘዘው?"

"እኔ" አልሁ። "የቁርጥ ቀን ነው ብዬ።"

ልጄ አፍጥጦ አየኝ። ከዚያ ከረጢቱን መሬት አስቀምጦ ላዩ ላይ ቁጭ አለና መሳቅ ጀመረ። "ኦ ማይ ጋድ። አባባ፣ ለካት ደይ ቁርጥ? ሲሪየስሊ?" እንባው እስኪወርድ ሳቀ። እንባው ግን ሳቁ ካለቀ በኋላም አልቆመም። አስካለ ሄዳ ራሱን ደረቷ ላይ አስጠጋችው።

"ሦስቱንም አግብተሃል" አልሁ። "እሱ አንዱን ስቷል። በዓይኔ አይቻለሁ። እንዴት ነው አንተን? ይህ ፍርድ አይደለም!"

"ፍርድ አይደለም፣ ጆብ ነው፣ አባባ። ዴልን በበረዶ፣ በነፋስ፣ በዝናብ አሥራ ሁለት ዓመት አይተውታል። እኔን ያዩኝ በእነሱ በጋ ብቻ ነው። ለሦስተኛ ጊዜ ነው፣ ለምጄዋለሁ።"

"ሦስተኛ?"

"ሁለቱ ቡድኖችም እኮ ካት አድርገውኝ ነው የወጣሁት።" ፊቱን ጠረገና፣ ሳቁ ተመልሶለት፣ "አራተኛ ነው እንጂ። መጀመሪያ ካት ያደረጉኝ እርስዎ አይደሉ እንዴ? ያቺን ኳስ?"

እንግዶቹ አቀርቅረዋል። ሱቄ መሳቢያ ውስጥ ጠግኛቸው በትክክል የሚሄዱ፣ ባለቤት መጥቶ ያልወሰዳቸው አሥራ ሰባት ሰዓቶች አሉ። በየሳምንቱ እሞላቸዋለሁ። በትክክል የሚሄድን ሰዓት ማንም አይጥልም እያልሁ ልጄን ስመክር፣ እነዚያ ሰዓቶች ጉልበቴ አጠገብ ይቆጥሩ ነበር።

"አዎ" አልሁ። "እኔ ነኝ። ክፉ ሠርቻለሁ።" በሰው ፊት ነው ያልሁት።

ብሩክ ተነሣ፣ እጁን ታጠበ፣ ትሪው አጠገብ ተቀመጠ። ቢላዬን ከእጄ ወስዶ ከሻኛው አንድ ጉማጅ ቆረጠና አዋዜ ነክሮ አጎረሰኝ። "በሉ ብሉ" አለ ለእንግዶቹ። "ሥጋው ምን አደረገ?" ታደሰ "የቁርጥ ቀን ልጅ እንዲህ ነው፣ ቁርጡን ሲያውቅ ቁርጡን ይበላል" ሲል እማማ ተዋበች በነጠላቸው ጫፍ መቱት። ስምንቱ ኪሎ አለቀ።

እሑድ

ከቅዳሴ መልስ ልብሴን ሳልቀይር ብሩክ መጣ። "አንድ ሳምንት ሳልመታ ከቆየሁ እግሬ ይረሳል" አለ። "አንዱ ቡድን መቺው ቢጎዳበት ማክሰኞ ሊደውል ይችላል። ወይ በጥቅምት። ወይ ጭራሽ። ኳሱን የሚይዝልኝ ሰው ግን የለም።"

"እኔስ?"

"የእርስዎ ጣት አይንቀጠቀጥም።"

ዋይት ሴንተር አጠገብ ያለ የትምህርት ቤት ሜዳ ሄድን። እርጥብ ሣር ላይ በነጭ ሱሪዬ ተንበረከክሁ። ኳሱን በጫፉ አቁሜ አናቱን በአንድ ጣት መያዝ ነው፤ ስፌቱ ወደ ምሰሶው ይዞር። የሰዓት መዘውር ከመያዝ አይከብድም። ሦስት ወደ ኋላ፣ ሁለት ወደ ጎን ሲሄድ እግሩን ሰማሁት። ሲመጣ መሬቱ ይነግረኛል። በጆሮዬ ሥር ነፋስ አለፈ፤ ቀና ስል ኳሱ ከዛፎቹ በላይ ነው።

በአራተኛው ላይ ፈራሁ። ጣቴን ዘግይቼ አነሣሁና ጫማው ጫፏን አገኛት። ብሩክ ሮጦ መጣ፤ "አባባ፣ ጣትዎ! ሥራዎ!" እያለ ይዞ ያገላብጣታል። ጥፍሩ ወዲያው ጠቆረ። "መልሰህ አስቀምጥ" አልሁት። ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ያዝሁለት፤ አንዱም አልሳተም። ያየን ሰው አልነበረም።

ማክሰኞ

ከአስካለ ጋር ተሰነባበትን። አሁንም በወንበር ገፋችኝ፤ አሁን ሳልከራከር ተቀመጥሁ። ብሩክ ብርድ ልብሱን ለዴል ሚስት ሊመልስ ሄዶ ነበርና ዘግይቶ ደረሰ፤ እራት አስቀርተውታል። ስልኩን በእጁ ይዞ ነው የሳመኝ። ማክሰኞ ነው፤ ሲያቅፈኝም ዓይኑ ስልኩ ላይ ነበር። አልተቆጣሁም።

ለእንቁጣጣሽ ቤቴ ገባሁ። ጎረቤቶቼ "የቁርጥ ቀኑስ?" አሉኝ። "ልጄ ቆሟል" አልኋቸው። እውነት ነው። ይህን ስጽፍ በሌላ ከተማ ያለ ቡድን ለአንድ ሳምንት ጠርቶታል፤ ዘነበች ይደውል ይሆናል ብላ ስልኩን ከመሶቡ ላይ አታርቅም።

የወጣውን ጠይቄ እንዲህ ደመርሁት። የእኔ ትኬትና ቪዛ አንድ ሺህ ሰባት መቶ ዘጠና ዶላር። አስካለ እኔን ብላ ከሥራ የቀረችበት አራት መቶ ሠላሳ። ታደሰ ያልሠራባቸው ቀናት ስድስት መቶ፣ የመኪና ማቆሚያው ቅጣት አርባ ሰባት። ሥጋውና ግብዣው ሦስት መቶ አሥር። ብሩክ ይቀጥሩኛል ብሎ አስቀድሞ የከፈለው የሦስት ወር የቤት ኪራይ ሁለት ሺህ ሰባት መቶ። የዘነበች ቋንጣ በፈረንጅ ዋጋ አይታወቅም፤ ብርድ ልብሱ ተመልሷል። በሜዳው ላይ ሲመታ በሰዓቴ የያዝሁት ሦስቱም ተደምሮ አራት ሰከንድ አይሞላም። ለዚያች ጊዜ ሁላችን የከፈልነው አምስት ሺህ ስምንት መቶ ሰባ ሰባት ዶላር፣ አንዲት የሰዓት ጥርስ መጥረቢያ ማሽንና አንድ ጥፍር ነው።